«ልጁ ለማን ተሰጠ?» ከፍቺ በኋላ ስላለው አሳዳጊነት፣ ከድሬዳዋ ሲታይ

አንድ የታወቀ ሰው ትዳሩ ፈረሰ በተባለ ቁጥር ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጆቹ ለማን ተሰጡ?» ከዚያ አስተያየት ሰጪው ሁሉ ዳኛ ይሆናል። አንዱ «ሕፃን የእናቱ ነው፣ ሕጉም እንደዛ ይላል» ይላል። ሌላው «ጆይንት ካስተዲ (የጋራ አሳዳጊነት) መጠየቅ ነበረበት» ብሎ ይመክራል። ሦስተኛው «ቀለብ ካልከፈለ ልጅቷን አያያትም» ብሎ ይዘጋዋል። ድሬዳዋ ላይ አራተኛ ድምፅም አለ፤ «ሰባት ዓመት እስኪሞላው ከእናቱ ጋር ነው፣ ካገባች ግን ይወሰድባታል» የሚል።

አራቱም ከየትም የመጡ ወሬዎች አይደሉም። የመጀመሪያው ከተሻረ ሕግ የተረፈ ነው። ሁለተኛው ከውጭ አገር ፊልምና ከዲያስፖራ ወሬ የመጣ ነው። ሦስተኛው ከቂም ይመጣል። አራተኛው ከሸሪዓ የተወሰደ ነው፣ ግን ሙሉውን አይደለም። ችግሩ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። «ለማን ተሰጠ?» ሲባል ልጅ እንደ ሶፋና ፍሪጅ በንብረት ክፍፍል ላንዱ የሚደርስ ይመስላል። ፍርድ ቤት የሚወስነው ግን አንድ ነገር ብቻ አይደለም።

አንድ ቃል፣ ብዙ ሥራ

«ካስተዲ» የሚለው የውጭ ቃል በተለይ በአሜሪካ ሕግ ሁለት ነገር ይይዛል። «ፊዚካል ካስተዲ» ልጁ የት ያድራል፣ ማን ያበላዋል፣ ማን ትምህርት ቤት ያደርሰዋል የሚለው ነው። «ሊጋል ካስተዲ» ደግሞ ትልልቁን ውሳኔ ማን ይወስናል የሚለው ነው፤ የትኛው ትምህርት ቤት ይግባ፣ ቀዶ ሕክምና ይደረግለት ወይ የሚለው ዓይነት። ሁለቱም ለአንዱ ወላጅ ብቻ ሊሰጡ ይችላሉ፣ ለሁለቱም በጋራ ሊሰጡ ይችላሉ። «ጆይንት ካስተዲ» ሲባል ብዙ ሰው ልጁ ሳምንት እዚህ፣ ሳምንት እዚያ የሚያድርበትን ያስባል። ግን ልጁ እናቱ ቤት እያደረ ውሳኔው ብቻ የጋራ የሚሆንበትም አለ። ወንድምና እህትን ለያይቶ አንዱን ለአባት፣ አንዷን ለእናት የሚያደርግ አሠራርም አለ፤ ይህ በብዙ አገር አይወደድም። ልጆቹ አንድ ቤት ሆነው ወላጆቹ ተራ በተራ የሚገቡበትም አለ። እኛ ጋ አንድ ቤት ተከራይቶ መኖር በከበደበት ጊዜ ለሦስት ቤት ኪራይ መክፈል ማለት ስለሆነ እንለፈው።

የእኛ ሕግ የራሱ ቃላት አሉት። የልጁን አካል፣ ጤናና አስተዳደግ የሚመለከተው ሰው «አሳዳሪ» ይባላል። ገንዘቡንና ንብረቱን የሚያስተዳድርለት «ሞግዚት» ይባላል። እዚህ ጋ ትንሽ ግርታ አለ። በሰፈር ቋንቋ ሞግዚት ማለት ልጅ ለመያዝ የተቀጠረች ሴት ናት። ፍርድ ቤት «ሞግዚት ነሽ» ሲላት የምትደነግጥ እናት ብትኖር አይፈረድባትም። በትዳር ውስጥ እያሉ አባትና እናት በጋራ አሳዳሪም ሞግዚትም ናቸው። ልጅ የሚባለውም 18 ዓመት ያልሞላው ነው። ትዳሩ ሲፈርስ ይህ የጋራ ጥቅል መፈታት አለበት፤ ክርክሩም እዚህ ይጀምራል።

የአምስት ዓመቱ ደንብ

«ሕፃን የእናቱ ነው» የሚለው አባባል ሕጋዊ ሥር ነበረው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 681 ላይ፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጆች አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ለእናታቸው እንዲሰጡ ያዝዝ ነበር። ለአርባ ዓመት ያህል የሠራ ደንብ ከሰው አፍ ቶሎ አይጠፋም። ዛሬም ጠበቃ ቢሮ ገብቶ «ልጁ አራት ዓመቱ ነው፣ አልሞላም» ብሎ የሚጀምር አባት ይኖራል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ደንብ አላስቀጠለም። ድሬዳዋ እንደ አዲስ አበባ በፌዴራል መንግሥት ሥር ስለሆነች የሚሠራባት ይኸው አዋጅ ነው። አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ፍቺ ሲወስን ስለ ልጆቹ የሚከተሉትን እንዲወስን ያዛል፦ ከማን ጋር እንደሚሆኑ፣ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውን፣ ቀለባቸውን፣ እንዲሁም ወላጆችና ልጆች እርስ በርስ የሚገናኙበትን። ይህን ሲወስን የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የኑሮ ሁኔታ ያያል። የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ያያል።

ስለ እናት ወይም ስለ አባት ብልጫ አንድም ቃል የለም። ይህ ማለት ግን ጡት የሚጠባ ልጅ ከእናቱ ይነጠቃል ማለት አይደለም። የልጁ ዕድሜ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ስለሆነ፣ ትንንሽ ልጆች ብዙ ጊዜ ከእናት ጋር ይሆናሉ። ልዩነቱ ምክንያቱ ላይ ነው። ድሮ ሕጉ ስላለ ነበር፤ አሁን ለዚህ ልጅ ይሻላል ስለተባለ ነው። አባት «ለዚህ ልጅ አይሻልም» ብሎ ማስረጃ ማቅረብ ይችላል። እናትም በአምስተኛ ዓመቱ ልደት ማግስት አትሰጋም።

የገቢው ነገር ክርክር ያስነሳል። አንዳንድ ሰው «ገቢ ከታየ ሁሌ አባት ያሸንፋል፤ እናት ጉሊት ቸርቻሪ ከሆነች አበቃላት» ይላል። ስጋቱ ባዶ አይደለም። ግን ገቢ ብቻውን የቆመ መመዘኛ አይደለም፣ ቀለብ የሚባለውም ለዚህ ነው። ገንዘብ ያለው ወላጅ ልጁ ወደሚኖርበት ቤት ገንዘቡን ይልካል፤ ልጁ ገንዘቡ ወዳለበት መሄድ የለበትም። ቀለቡ የሚተመነውም በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው። በእኔ አስተያየት ከገቢ ይልቅ «የኑሮ ሁኔታ» የሚለው ቃል ከባድ ነው። ቤት ውስጥ ማን አለ? ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማን ይጠብቀዋል? ድሬ ላይ መልሱ ብዙ ጊዜ «አያቱ» ነው፤ ያች አያት ለየትኛው ወገን ቅርብ ናት የሚለው ደግሞ ከደሞዝ ወረቀት በላይ ሊመዝን ይችላል።

ደንገጎን ስንወጣ

የምሥራቁን ነገር ከአዲስ አበባው ለየት የሚያደርገው አንድ ነገር አለ። ከድሬዳዋ ሚኒባስ ይያዝ። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ በሀረማያና በአወዳይ አልፎ ሐረር ይገባል። ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ መንገድ ላይ ሦስት የቤተሰብ ሕግ ይታለፋል። ድሬዳዋ የፌዴራሉ አዋጅ ነው። ሀረማያና አወዳይ ኦሮሚያ ስለሆኑ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 69/1995 ከነማሻሻያው ይሠራል። ሐረር ሲገባ ደግሞ የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለ። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ስለሚችሉ ነው።

ይህ ለሕግ ተማሪ ብቻ የሚጠቅም ነገር አይደለም። የድሬ ትዳር ብዙ ጊዜ ሁለት ከተማ ላይ ነው። እሱ ድሬ ከዚራ ይሠራል፣ የሷ ቤተሰብ ሐረር ጀጎል ነው። ስትጣላ ልጁን ይዛ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ክሱ የት እንደሚከፈት፣ በየትኛው ሕግ እንደሚታይ ያኔ መጠየቅ አለበት። ጎረቤት «የኔ እህት እንዲህ ተወሰነላት» ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የት ከተማ?» ተብሎ ነው።

ሁሉንም የሚያገናኝ ጣሪያ ግን አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የልጁ ጥቅም ቀዳሚ እንዲሆን ያዛል። በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም ያንኑ ይላል፤ ልጁ እንደ ዕድሜው እንዲደመጥም ይጨምራል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት፣ በመጨረሻ ውሳኔ ላይ የሕግ ስህተት አለ ሲባል የሚያየው፣ በመዝገብ ቁጥር 23632 ላይ ይህን በተግባር አሳይቷል። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስት ነበረች። አባት መጥቶ ጠየቀ። የሥር ፍርድ ቤቶች የቤተሰብ ሕጉን ቃል ተከትለው ለአባት ወሰኑ። ሰበር ሻረው። የወላጅነት መብት ከልጁ ጥቅም ጋር ሲጋጭ ቀድሞ የሚታየው የልጁ ጥቅም ነው አለ። የሰበር የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ስለሚያስገድድ ይህ ውሳኔ ለድሬም፣ ለአወዳይም፣ ለሐረርም ይሠራል።

ሀዳና፦ አራተኛው ድምፅ

ድሬዳዋና ሐረር ላይ ስለ አሳዳጊነት አውርቶ ሸሪዓን መተው ግማሹን መተው ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የተደራጁት በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው። የመጀመሪያ ደረጃው ድሬዳዋ ላይም ያስችላል። ሐረሪ ክልልም የራሱ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለው። ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብና የልጆች ጉዳይ ሥልጣናቸው ውስጥ ነው።

በአካባቢው የሚበዛው የሻፊዒ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ አተረጓጎም መንገድ) ነው። በዚህ መዝሀብ ሕፃኑን የመያዝና የመንከባከብ መብት «ሀዳና» ይባላል፣ ቅድሚያውም የእናት ነው። ልጁ ክፉና ደጉን መለየት ሲጀምር፣ ይህም በሰባት ዓመት አካባቢ ነው፣ ከወላጆቹ አንዱን ይመርጣል። እናት ለልጁ ዘመድ ያልሆነ ሰው ካገባች የሀዳና ቅድሚያዋ ይነሳል። የመንደሩ ወሬ እዚህ ላይ ያቆማል። ያልተወራው ቀጣዩ ነው። ሀዳናው ሲነሳ ቀጥሎ የምትመጣው ብዙ ጊዜ የእናት እናት ናት እንጂ አባት አይደለም። ሰባት ሲሞላም ልጁ ይመርጣል እንጂ ወዲያው ወደ አባት አይሻገርም። ልጁ እናቱ ጋ እያለም ወጪው፣ ነፈቃው፣ የአባት ነው፤ በንብረቱና በትልልቁ ጉዳይ ወልይነቱም፣ ስለ ልጁ የመወሰን ሥልጣኑ፣ የአባት ነው። ሸሪዓም እንግዲህ «ለማን ተሰጠ» በሚል አንድ ቃል አይጨርሰውም። እንክብካቤውን፣ ወጪውንና ውሳኔውን ለየብቻ ያያቸዋል።

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን እናት ዳግም ማግባቷ ብቻውን ልጅ የሚያስነጥቅ ምክንያት ሆኖ አልተጻፈም። አዲሱ ባል ለልጁ አደጋ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የት ፍርድ ቤት እንደተሄደ ውጤቱን ሊለውጠው ይችላል፤ ለዚህም ነው ስምምነት የሚባለው ነገር ከባድ የሚሆነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የሃይማኖት ዳኝነት የሚሠራው ተከራካሪዎች ሲፈቅዱ ነው ይላል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. በአንድ የውርስ ክርክር፣ ያልተስማማችን ሴት ጉዳይ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየቱን ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ብሎ ወስኗል።

ተግባር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በአዋጅ 188 መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። አልስማማም የሚል ሰው ቤት ተቀምጦ «አልሄድላቸውም» ቢል የሚጎዳው ራሱን ነው። መጥሪያው በመጣ ቀን ቀርቦ «እዚህ መዳኘት አልፈልግም» ማለት አለበት። ያኔ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል።

«ጆይንት» እኛ ጋ ይሠራል?

አንቀጽ 113 ልጆቹ ከማንኛው ወላጅ ጋር እንደሚሆኑ ይወሰን ስለሚል የሚያስበው አንድ ቤት ነው የሚሉ አሉ። በተለምዶም ልጁ አንዱ ጋ ይኖራል፣ ሌላው ቀለብ ይከፍላል፣ በሳምንቱ መጨረሻ ያያል። ሌሎች ደግሞ ሕጉ የጋራ ማሳደግን በስም ባይጠራውም አልከለከለም ይላሉ። ለሁለተኛው ወገን ጥሩ መከራከሪያ የሚሆነው የስምምነት ፍቺ ነው። ባልና ሚስት ተስማምተው ሲፋቱ ስለ ልጆቹም የተስማሙበትን ጽፈው ያቀርባሉ። ፍርድ ቤቱ ስምምነቱ የልጆቹን ጥቅም በበቂ የማይጠብቅ ሆኖ ካገኘው ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን ራሱ ያርማል። የሚጠብቅ ከሆነ ግን ያጸድቀዋል። «ሰኞ እስከ ሐሙስ እሷ ጋ፣ ከዚያ እሱ ጋ፤ ትምህርት ቤት የሚመረጠው በጋራ» ብለው ቢጽፉ ለልጁ ከበጀ ለምን ይወድቃል?

ነገሩን የሚወስነው ከሕግ ይልቅ ርቀት ይመስለኛል። እሷ ሳቢያን፣ እሱ መጋላ፣ ሁለቱም ድሬ ውስጥ ከሆኑ በባጃጅ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት አይቀይርም፣ ጓደኛ አይቀይርም። እሱ ጅቡቲ ከሆነ ግን «ሳምንት ሳምንት» ወረቀት ላይ ብቻ ያምራል። ሌላው ሁኔታ መነጋገር መቻል ነው። ስልክ የማይነሳሱ ሰዎች ዩኒፎርም ገዝተው አይስማሙም።

በሽማግሌ ፊት ቤት ውስጥ የተፈረመ ወረቀትስ? ሽምግልናው ይጠቅማል፣ ሕጉም ለማስታረቅ ቦታ ይሰጠዋል። ግን ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠች ስምምነት ፍርድ ቤት ካላጸደቃት አንዱ ሲክድ እንደ ፍርድ ልትፈጸም አትችልም።

«በፈለገ ጊዜ ይጎበኛል»

ብዙ ፋይል እንደገና የሚከፈተው በዚህች ዓረፍተ ነገር የተነሳ ነው። ቸርነት ትመስላለች። በተግባር ግን ማንም ማንንም ሊይዝባት አይችልም። አንድ ምሳሌ እናስብ። አባት በጠረፏ ከተማ በደወሌ በኩል ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እናት ሳቢያን ትኖራለች። ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው። ወረቀቱ «አባት በፈለገ ጊዜ ይጎበኛል» ይላል። እሱ ወደብ ላይ ወረፋ ጠብቆ፣ ሌሊቱን ነድቶ፣ ማክሰኞ በስምንት ሰዓት በር ያንኳኳል። ልጅቷ ተኝታለች። ድሬ በስምንት ሰዓት ሁሉም ሰው ከሙቀቱ ተሸሽጎ ነው። «ነገ ና» ትለዋለች። ነገ ጭነት አለው። በሦስተኛው ጊዜ «ልጄን ከለከለችኝ» ይላል፣ እሷም «እንደፈለገ እየመጣ ይረብሸናል» ትላለች። ሁለቱም ወረቀቱን ጠቅሰው እውነት ይናገራሉ።

የሳምንት መጨረሻ ደንብም ለሹፌር አይሠራም፤ ቅዳሜ የት እንደሚሆን አያውቅም። የሚሠራው በልኩ የተሰፋ ነው። ለምሳሌ በወር ከስድስት ቀን ሳያንስ፣ ከአንድ ቀን በፊት ደውሎ አሳውቆ። ልጅቷን መጋላ ከአያቷ ቤት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይረከባል፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት እዚያው ይመልሳል። መንገድ ላይ እያለ አንድ ቀን እያለፈ በቪዲዮ ይደውላል። ኢድ አልፈጥር አንድ ዓመት እሱ ጋ ከሆነ አረፋ እሷ ጋ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተገላቢጦሽ። የርክክቡ ቦታ አያት ቤት መሆኑ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሁለቱ በር ላይ ፊት ለፊት እንዳይገናኙ ያደርጋል፣ ልጅቷም ጭቅጭቅ አትሰማም።

«ቀለብ ካልከፈለ አያያትም» የሚለውም እዚህ ይመለሳል። ሕጉ የሚናገረው ወላጆችና ልጆች እርስ በርስ ስለሚገናኙበት መብት ነው። ልጅቷም መብት አላት። ቀለብ ያልከፈለ አባት የአፈጻጸም መዝገብ ተከፍቶበት ከደሞዙ ሊቆረጥ ይችላል፤ ሆን ብሎ ቀለብ መከልከል በወንጀል ሕጉም ያስጠይቃል። ልጅቷን እንዳያይ ማድረግ ግን የቀለብ ማስከፈያ መንገድ አይደለም። በተቃራኒውም «አላሳየችኝም» ብሎ ቀለብ ማቆም አይሠራም። ሁለቱ በየራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ።

የማያልቅ ፋይል

በንብረት ክርክር ቤቱ አንዴ ከተከፈለ ተከፈለ ነው። የልጅ ጉዳይ እንዲህ አይዘጋም። አንቀጽ 113 ሁኔታ ሲለወጥ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን እንደገና እንዲያይ ይፈቅዳል፤ ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሌላ ያገባኛል የሚል ሰው መጠየቅ ይችላል። እናት ለሥራ ዓረብ አገር ብትሄድና ልጁ አያት ጋ ቢቀር፣ አባት ቢታመም፣ ልጁ አድጎ ሌላ ቢመኝ፣ ሁሉም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ቀለቡም እንዲሁ፤ የዛሬ አራት ዓመት የተወሰነ ብር ዛሬ ገበያ ወጥቶ ምን እንደሚገዛ ሁሉም ያውቀዋል።

አንዳንዶች ይህ በር ክፍት መሆኑ ጠብ ያራዝማል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ በየስድስት ወሩ አቤቱታ የሚያስገባ ሰው አይጠፋም። ግን በሩ ቢዘጋ የአራት ዓመት ልጅ ላይ የተወሰነው ለአሥራ አራት ዓመት ይሠራባት ነበር።

አንድ ደረጃ ላይ ግን ቶሎ መንቃት ይጠቅማል። የፍቺ ማመልከቻ እንደገባ፣ ዋናው ውሳኔ ሳይሰጥ፣ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል። ሰው «ጊዜያዊ ነው» ብሎ ይንቀዋል። ለማስታረቅ የሚሰጠው ጊዜ ብቻ እስከ ሦስት ወር ሊደርስ ይችላል። በዚያ መሃል ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ጎረቤት ይለምዳል። ዳኛው በመጨረሻ ሲወስን ልጁ የለመደውን ቤት ማወክ አይፈልግም። የሹፌሩ ምሳሌ ላይ ብንመለስ፣ ስድስቱ ቀን በጊዜያዊው ትእዛዝ ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ችሎቱ እስኪያልቅ የአባቷን ቤት ታውቀው ነበር። ስለ ጉብኝት ምንም ካልተጠየቀ ግን ዋናው ውሳኔ ሲመጣ አባቷ ለሷ የቪዲዮ ሰውዬ ሆኖ ይጠብቃታል።